ልብን የሚጠብቅ ልቡናን ይጠብቃል

በዚህ ዓምድ ባለፉት ሳምንታት ስለ ልጆች አመጋገብና ስለ ቤት ንጽሕና ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ቤቱን ስለሚሸከሙት ምሰሶዎች፥ ይኸውም ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ስላለፈ አባቶችና እናቶች ጤንነት ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል። ልጅ ሲታመም ቤቱ ሁሉ ይሯሯጣል፤ የቤቱ ራስ ግን እህል እስከ በላና ወደ ሥራው እስከ ሄደ ድረስ ደኅና ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ብዙ ቤት አፍርሷልና ዝም ልንለው አይገባም።

ቋንቋችን ልብ ለሚለው ቃል ሁለት ሥራ ሰጥቶታል። በደረታችን ውስጥ የሚመታው ሥጋ ልብ ይባላል፤ ማሰብና ማስተዋልም ልብ ይባላል። ብልኁን ሰው ልባም፥ የማያስተውለውን ልበ ቢስ እንለዋለን፤ ነገራችንን እንዲይዝልን የምንፈልገውንም ሰው «ልብ አድርግ» እንለዋለን። ከግዕዝ የወረስነው ልቡና የሚለው ቃልም ከዚሁ ከልብ የወጣ ነው። የማሰብ ሥራ የአንጎል እንጂ በደረት ውስጥ ያለው የልብ አለመሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሐኪሞች አጥብቀው መርምረው የደረሱበት ነገር፥ የልብና የደም ሥሮች ጤንነት ሲበላሽ የአንጎልም ሥራ አብሮ የሚበላሽ መሆኑን ነው። ስለዚህ ቋንቋችን በአንድ ስም የጠራቸውን ሁለቱን ነገሮች የዛሬውም ትምህርት አላራቃቸውም።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነን እንጂ ሐኪም አይደለንም። ይሁን እንጂ የዚህ ነገር ፍሬ በመጨረሻ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ችሎት ነው። ሽማግሌው አባት ቤቱን ለማን እንደ ሸጠ አያስታውስም፤ ፊርማው የራሱ ይሁን አይሁን ሲጠየቅ ወደ ልጆቹ ይመለከታል፤ ከልጆቹም አንዱ «አባታችን ልቡ ሙሉ ነው» ሲል ሁለተኛው «ከጃጀ ቆይቷል» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አእምሮው የጐደለውን ሰው ዳኛ በፍርድ እንዲከለክለውና ጥቅሙን የሚጠብቅ ሞግዚት እንዲሾምለት ይፈቅዳል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዳኛ የሰውየውን ንብረት ሊያስጠብቅለት ይችላል እንጂ ልቡናውን ሊመልስለት አይችልም። የነገሩን መነሻ ሲጠይቋቸው ቤተ ሰቦቹ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም «ከብዙ ዓመት በፊት ደም ብዛት አለብህ ተብሎ ነበር፤ መድኃኒቱን ጥቂት ወራት ውጦ ተወው» የሚል ነው።

አንጎል ከልብ ምን ይቀበላል?

የአንድ ጐልማሳ አንጎል ክብደት ከመላው ሰውነቱ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነት ከሚፈጀው ኦክሲጅን ከመቶ 20 እጅ የሚሆነውን የሚወስድ እርሱ ነው። ልብ በዕረፍት ጊዜ በየደቂቃው ከሚረጨው 5 ሊትር ያህል ደም ውስጥ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህሉ ወደ አንጎል ይወጣል። ሌላው ሰውነት ቢራብ ከተከማቸው ስብ ይመገባል፤ አንጎል ግን ጐተራ የለውም፤ ቀለቡን በየደቂቃው ይቀበላል። ደሙ ለጥቂት ሰከንዶች ቢቋረጥበት ሰው ራሱን ይስታል፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢቋረጥበት ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ።

በኮልፌ ዳገት ላይ የሚኖር ሰው የቧንቧ ውኃ ጠባይ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ግፊቱ ሲያንስ ውኃው ከላይኛው ቤት አይደርስም፤ ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ቧንቧው ይፈነዳል፤ ቧንቧው በውስጡ ዝቃጭ ከያዘም ውኃው እየቀጠነ ይሄዳል። አንጎል በሰውነት ዳገት ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው፤ ወደ እርሱ የሚወጡትም የደም ሥሮች እየቀጠኑ ሄደው በመጨረሻ ከጠጉር ይልቅ የቀጠኑ ይሆናሉ። የሚጐዱትም በነዚሁ በሦስቱ መንገዶች ነው።

የደም ግፊት ለብዙ ዓመታት ከልኩ በላይ ሲሆን የቀጫጭኖቹ ሥሮች ግድግዳ ይወፍራል፥ ይደድራል፥ መተላለፊያውም ይጠባል። አንዳንዱ ሥር ይዘጋና ከባቄላ ፍሬ ያነሰች የአንጎል ክፍል ትሞታለች፤ ሰውየው ግን በዚያን ቀን ምንም ሳይሰማው ወደ ሥራው ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጥቃቅን ጉዳት በላይ በላይ ሲደራረብ ሰው አስቀድሞ የአሳቡ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቀጥሎም ነገርን ማቀድና ሁለት ጉዳይ አጣምሮ መያዝ ይሳነዋል። የሰው ስም መርሳት ሳይጀምር ሒሳብ ያምታታል፤ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፤ ታጋሽ የነበረውም ቍጡ ይሆናል። ቤተ ሰቡም ጠባዩ ተለወጠ ይላል እንጂ ታመመ አይልም።

የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር የሥሮቹን ግድግዳ እያቈሰለ ዐይንን፥ ኵላሊትንና እግርን እንደሚጐዳ ብዙ ሰው ሰምቷል፤ አንጎልንም በዚያው መንገድ እንደሚጐዳ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስብ ደግሞ፥ ማለት ሐኪሞች ኮሌስትሮል የሚሉት፥ በአንገት በኩል ወደ ራስ በሚወጡት ትልልቅ ሥሮች ውስጥ እንደ ዝቃጭ ይለጠፋል። ከዚህም ሌላ ልብ ራሱ ሲደክም የሚረጨው ደም ያንሳል። በአገራችን በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጕሮሮ ሕመም የልብን በሮች አበላሽቶ፥ በጐልማሳነት የልብን አመታት ያዛባል፤ ከዚያም የረጋ ደም ወደ አንጎል ወጥቶ ወጣቱን ሰው ድንገት ይጥለዋል።

ሁሉንም የአእምሮ መድከም በልብና በደም ሥር ማሳበብ ግን ትክክል አይደለም። አልዛይመር የሚባለው በሽታ በራሱ መንገድ የአንጎልን ሕዋሳት ይገድላል። ነገር ግን በብዙ ሽማግሌዎች አንጎል ውስጥ ሁለቱ ጉዳቶች አብረው ይገኛሉ፤ የደም ሥሩ ጉዳት በአልዛይመር ላይ ሲጨመር ሕመሙ ቶሎ ይገለጣል። ከሁለቱ ውስጥ ዛሬ በእጃችን ባለ ቀላል መሣሪያና በርካሽ መድኃኒት ልንከላከለው የምንችለው ይህንኑ የደም ሥሩን ጉዳት ነው።

ከታሪክ ሁለት ምሳሌ

ዳግማዊ ምኒልክ የስልክን፥ የባቡርን፥ የባንክንና የትምህርት ቤትን ጥቅም አስቀድመው የተመለከቱ፥ ነገርንም ፈጥነው የሚያስተውሉ ንጉሠ ነገሥት እንደ ነበሩ የአገር ሰውም የውጭ ሰውም መስክሮላቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ሕመም ጀመራቸው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ደግሞ ከባድ የአንጎል የደም ሥር ሕመም ጣላቸው፤ ሰውነታቸው ሰለለ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በሕይወት ቢቈዩም መንግሥታቸውን መምራት አልቻሉም። ሥልጣኑ መጀመሪያ በእቴጌ ጣይቱ እጅ፥ ከመጋቢት 1902 ዓ.ም. በኋላ በእንደራሴው በራስ ተሰማ ናደው እጅ ሆነ፤ ራስ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም በቤተ መንግሥት ውስጥ በምስጢር ተያዘ፤ ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ በአዋጅ ሳይነገር ቈየ። አንዲት የደም ሥር ስትበላሽ መንግሥት በሙሉ ያለ መሪ እንደምትቀር ከዚህ የበለጠ ምስክር ማምጣት አያስፈልግም።

ስለ ንጉሡ ሕመም መነሻ ፍርድ መስጠት የእኛ ሥራ አይደለም። የምንናገረው ስለ ዘመኑ ነው። በክንድ ላይ ተጠቅልሎ የደምን ግፊት የሚለካውን መሣሪያ ሪቫ ሮቺ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም የገለጠው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1896፥ ማለት የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት በዚያው ዓመት ነበር። ዛሬ ሐኪም በማዳመጫው የሚሰማውን ድምፅ ኮሮትኮፍ የተባለው የሩስያ ሐኪም ያስታወቀው በ1905 ነው። ስለዚህ በንጉሡ ዘመን መሣሪያው ገና መወለዱ ነበር፤ ግፊቱን አውርዶ የሚይዝ መድኃኒትም አልነበረም።

ሁለተኛው ምሳሌ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በግብፅ አገር በስዊዝ ቦይ መንገድ ላይ በሚገኘው በመራራ ሐይቅ፥ በጦር መርከብ ላይ ከእኒህ ፕሬዚዳንት ጋር ተገናኝተው ነበር። በዚያን ጊዜ የሩዝቬልት የደም ግፊት ከልክ ያለፈ ነበር፤ ከዚያ አስቀድሞ በ1944 በአውሮፓ አቈጣጠር አንድ የልብ ሐኪም መርምሯቸው የደማቸው ግፊት 186 በ108 መሆኑንና ልባቸውም መድከሙን አግኝቷል። ሐኪሙ ሊሰጣቸው የቻለው የልብ መድኃኒት፥ ዕረፍትና ጨው የቀነሰ ምግብ ብቻ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከተገናኙ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. የአንጎላቸው የደም ሥር ፈንድቶ በ63 ዓመት ዕድሜያቸው ሞቱ። የዓለምን ታላቅ ጦር ያዘዙ ሰው ዛሬ በጤና ጣቢያችን ለአንድ ሽማግሌ የሚታደለውን ክኒን አላገኙም ነበር።

ምርመራው ምን አስተማረ?

ከሩዝቬልት ሞት ሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1948፥ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ሰዎች ተመርጠው ዕድሜ ልካቸውን እንዲመረመሩ ሥራ ተጀመረ። የደም ግፊት፥ የኮሌስትሮልና የትምባሆ ጉዳት በሚገባ የተገለጠው ከዚህ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የእነዚሁ ሰዎች አሳብና ትዝታ ሲመዘን፥ በጐልማሳነታቸው ግፊታቸው ከፍ ብሎ የቈየው በሽምግልና ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት አገኙ። በ2016 በወጣው ጽሑፍ ደግሞ በዚያች ከተማ ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጨረሱት ሰዎች ዘንድ አእምሮን የሚያሳጣው ሕመም ካለፉት ዘመናት ይልቅ እየቀነሰ መሄዱ ታወቀ፤ የልባቸውም ጤንነት በዚያው ዘመን ተሻሽሎ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ዝምድናን ያሳያል እንጂ ግፊቱን ማውረድ አእምሮን ማዳኑን ለብቻው አያስረግጥም የሚል ሰው ቢኖር እውነቱን ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ፈተኑት። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 9,361 ባለ ደም ብዛት ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ የአንደኛው ወገን የላይኛው ግፊት ከ140 በታች፥ የሁለተኛው ከ120 በታች እንዲሆን ታከሙ። በ2019 የወጣው ውጤት አጥብቀው በታከሙት ዘንድ የአእምሮ መድከም መጀመሪያ የሆነው ሕመም ከመቶ 19 እጅ ማነሱን አሳየ። በቻይና ገጠር ደግሞ በ326 መንደሮች ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ 34,000 ያህል ባለ ደም ብዛት ሰዎች አራት ዓመት ተከታትለዋቸው፥ በ2025 ውጤቱ ተገለጠ። ግፊታቸው በሚገባ በተያዘላቸው መንደሮች አእምሮን የሚያሳጣው ሕመም ከመቶ 15 እጅ አነሰ። ልናስተውለው የሚገባን፥ መድኃኒቱን የሰጡትና የተከታተሉት ታላላቅ ሐኪሞች ሳይሆኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች መሆናቸውን ነው። በአገራችንም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስላሉን፥ ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ዓለም አቀፍ ሊቃውንትም በ2024 ነገሩን ሁሉ አጠቃለው፥ አእምሮን ከሚያሳጣው ሕመም ከመቶ 45 እጅ ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ የሚችል መሆኑን ጻፉ። ከቈጠሯቸው 14 ምክንያቶች ውስጥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የኮሌስትሮል መብዛት፥ ከልክ ያለፈ ውፍረት፥ ትምባሆና ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ይገኛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት በሽምግልና ሳይሆን በጐልማሳነት ነው። የሰባ ዓመቱ መርሳት በአርባ አምስት ዓመት ይዘራል።

የእኛስ አገር እንዴት ነው?

የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆነ ሰዎችን በመላው አገር መርምሮ፥ ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከልክ በላይ ሆኖ አግኝቷል፤ አብዛኞቹም መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ። አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው 8.3 ግራም ያህል ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች፥ ማለት ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። አባቶቻችን አሞሌን እንደ ገንዘብ ቈጥረው በብልኀት ያወጡት ነበር፤ እኛ ግን ዋጋው ቢወርድ ያለ ቍጥር በተንነው።

የከተማ ኑሮም ተለውጧል። ቀድሞ ከአጠና ተራ ወደ መርካቶ በእግሩ ወርዶ በእግሩ ይመለስ የነበረው ነጋዴ ዛሬ ታክሲ ይሳፈራል። እኛም የቢሮ ሰዎች ከወንበር ተነሥተን ወንበር ላይ እንቀመጣለን። እንቅስቃሴው ሲቀንስ ምግቡ ግን አልቀነሰም፤ ይልቁንም የሚረጋው ዘይት፥ ስኳሩና ለስላሳው መጠጥ በላዩ ተጨመረ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ማፈር ነው። ሽማግሌ መርሳት ሲጀምር ቤተ ሰቡ ይደብቀዋል፤ አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ አንዳንዱም እርጅና ነውና ምን ይደረጋል ይላል። በዚህ ነገር ኮልፌ ቀራንዮ ለአገሩ ሁሉ ትምህርት የምትሆን ስፍራ ናት። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት የቆመው በዚህ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት ተብሎ ለመላው አፍሪቃ ማሠልጠኛ ሆነ። የሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ እርግማን ነው ተብሎ ታማሚው ከሰው ይለይ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ካዘዘ በኋላ ግን፥ በጊዜው የተገኘ ታማሚ በክኒን የሚድንና እጅ እግሩ ሳይጐዳ የሚቀር ሆነ። እርግማን የተባለው በሽታ ሲሆን፥ የሚያስፈልገውም ሳያፍሩ አስቀድሞ መመርመርና መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ ብቻ ነበር። የደም ብዛትና የመርሳትም ነገር ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም።

ምን እናድርግ?

1ኛ፤ መለካት። የደም ብዛት ብዙ ጊዜ ራስም አያሳምም፥ ምልክትም አይሰጥም፤ ሳይለኩ ደኅና ነኝ ማለት መዝገብ ሳይገልጡ ፍርድ እንደ መስጠት ነው። ዕድሜው 40 የሞላ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይለካ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል። ስኳሩንም በባዶ ሆዱ ያስመርምር፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ ከቤት ሰነዶች ጋር ያስቀምጥ።

2ኛ፤ መድኃኒትን አለማቋረጥ። «ሰውነት ይለምደዋል» ወይም «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ መተው ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። የተሻለው በመድኃኒቱ ስለ ተያዘ ነው። አምሎዲፒንም ሆነ ኢናላፕሪል የዕለት ሥራ የሚሠራ እንጂ እንደ ወባ መድኃኒት ተወስዶ የሚጨረስ አይደለም። ነጭ ሽንኵርትና ሽፈራው በምግብነታቸው መልካም ናቸው፤ የክኒኑን ቦታ ግን አይወስዱም። መድኃኒቱ ካልተስማማ ሐኪሙ ይለውጠዋል፤ በገዛ ፈቃድ መተው አይገባም።

3ኛ፤ ማዕድን ማስተካከል። የጤፍ እንጀራ፥ ምስር፥ ሽሮና ጐመን ለልብ የሚስማሙ ምግቦች ናቸው፤ የሚያበላሿቸው ጨውና ዘይት ሲበዛባቸው ነው። ጨው በበርበሬው፥ በሽሮውና በማጣፈጫው አስቀድሞ ገብቷልና ወጡ ላይ ከመጨመር በፊት መቅመስ ይገባል። ቡና በአቦል፥ በቶናና በበረካ ሲጠጣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከተደረገ ስድስት ማንኪያ መሆኑን እናቶች ይቍጠሩት። ጾም የእንስሳ ስብ ስለሚያስቀር ልብን ይጠቅማል፤ ነገር ግን በዘይት የተጠበሰ ሁሉ ቢበዛበት ጥቅሙ ይጠፋል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፥ ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን ለመጾም ሲያስብ፥ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ ስኳሩ ከልክ በታች ቢወርድ አንጎል ወዲያው ይጐዳልና።

4ኛ፤ መራመድ። ሐኪሞች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያዝዛሉ፤ ይህም በቀን 30 ደቂቃ፥ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ኔልሰን ማንዴላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 የጦር ትምህርት የተማሩት በዚሁ በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ነበር። ዕድሜያቸው 44 ዓመት ገደማ ሳለ ከወጣቶች ጋር ዕቃ ተሸክመው ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር። ኋላም በእስር ቤት ሳሉ በጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ባሉበት ሆነው መሮጥን አልተዉም። ጠባብ ክፍል ካላገዳቸው እኛን የኮልፌ ዳገት ሊያግደን አይገባም።

5ኛ፤ ከሚጐዱ ነገሮች መራቅ። ትምባሆ የደም ሥርን ያበላሻል፤ ጫት የልብን አመታትና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፥ እንቅልፍንም ይነሣል፤ አረቄና ጠጅ ሲበዛ ግፊቱን ያወጣል፥ አንጎልንም በራሱ ይጐዳል።

6ኛ፤ ከሰውና ከመጽሐፍ አለመለየት። ብቸኝነት ከ14ቱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ዕድር፥ ማኅበርና እቍብ ለሽማግሌ መድኃኒት ናቸው፤ ማንበብና ልጆችን ማስጠናትም እንዲሁ።

ድንገተኛ ምልክት

የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ቢጣመም፥ አንድ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ቢዝል፥ ወይም አንደበቱ ቢተሳሰር፥ ይህ ስትሮክ ነው። ምች መታው ብሎ ቅጠል መጭመቅ ወይም እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። በየደቂቃው የሚሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስምና ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ጸሎቱ በመንገድም ይደረሳል። ምልክቱ ጠፍቶ ሰውየው ቢሻለው እንኳ ሐኪም ሳያየው አይቅር፤ ማስጠንቀቂያ መጥቶለታልና።

ለቤተ ሰብም አንድ ቃል እንጨምራለን። ባለቤቱ ሒሳብ ማምታታት፥ አንድ ነገር ደጋግሞ መጠየቅ ወይም ያለ ምክንያት መቈጣት ሲጀምር ሚስቱ በትዕግሥት ታስተውል፤ እርሱም ለእርሷ እንዲሁ ያድርግ። መወቃቀሱን ትታችሁ ወደ ሐኪም ቤት አብራችሁ ሂዱ። ኑዛዜ፥ የቤት ካርታና የዕዳ ሰነድ ያለውም ሰው ልቡ ሙሉ ሳለ በምስክር ፊት አስተካክሎ ያስቀምጥ። ይህን ማድረግ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ልጆችን ከክርክር ማዳን ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ሰውን ስንመርቅ ዕድሜና ጤና ይስጥልን የምንለው፥ ያለ ጤና የረዘመ ዕድሜ ሸክም መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ስለዚህ ይህን ያነበበ ጐልማሳ በዚህ ሳምንት ውስጥ ክንዱን ለመለኪያው ይስጥ፤ አባቱና እናቱ በሕይወት ካሉም ይዟቸው ይሂድ። በሚመጣው ሳምንት ስለ ዐይን ጤንነት እንጽፋለን።